የቦርዶ ወይን በማንቡክ

ከቻግኒ ወጥተን ሚኒባሱ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር የተጨነቅሁት ለራሴ አልነበረም። ጭንቀቴ በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ላስቀመጥኩት አንድ ጠርሙስ ነበር። ልጄ ከፈረንሳይ ስትሸኘኝ «እማዬ፣ አደራ ሙቀት እንዳያገኘው፤ ወይን ሙቀት ይጠላል» ብላኛለች። ማንቡክ ደግሞ ቆላ ናት።

ጊዜው ኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቼ ደብረ ማርቆስን አልፌ እንጅባራ አደርኩ። እንጅባራ ላይ ብርድ ልብሱ አልበቃ ብሎኝ ጋቢ ደርቤ ተኛሁ። በማግስቱ ቻግኒ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ፤ የመተከል ዞን ዋና ከተማ ወደሆነችው ግልገል በለስ ስንቃረብ የመኪናው መስኮት ሁሉ ተከፈተ። ባሕር ዛፉ ወደኋላ ቀርቶ ሽመሉ ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራል። አዝመራው ማሽላ፣ ሰሊጥና ኑግ ነው። ማንቡክ የዳንጉር ወረዳ ከተማ ናት። መንገዱ እሷን አልፎ ወደ ጉባ፣ ወደ ሕዳሴው ግድብ ይቀጥላል። በገበያ ቀን ጉሙዙ፣ አገው፣ ሺናሻውና አማራው የየራሱን ይዞ ይወጣል፤ በአንድ ጥግ ብቻ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ሦስት አራት ቋንቋ ይሰማል።

እዚያ ያሉት አባቴ ናቸው። ከብዙ ዓመታት በፊት ከአገው ምድር በመምህርነት ተመድበው መጡ፤ እናቴን አገቡ፤ እኛን አራት ልጆች ወለዱ፤ ጡረታ ወጥተውም እዚያው ቀሩ። በ2013 ዓ.ም. መተከል በታወከ ጊዜ ግን እንደ ብዙው ሰው ሸሽተው ቻግኒ ወጡ። ከዓመት በላይ በሰው ቤት ከረሙና በ2014 መጨረሻ ማንንም ሳያማክሩ ተመለሱ። እኔና ወንድሞቼ ተሰብስበን መከርን። ቤቱና ጓሮው ይሸጥ፣ አባባ አዲስ አበባ ይምጡ፣ ተራ በተራ እንጦራቸው አልን። ይህን ነግሬ አሳምኜ እንዳመጣቸው የተላክሁት እኔ ነበርሁ። ጠርሙሱ የልጅ ልጃቸው ስጦታ ቢሆንም፣ እውነቱን ለመናገር እኔ እንደ መማለጃ ነበር የያዝኩት።

ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ልጄ በመውለዷ ልጠይቃትና ላርሳት ቦርዶ ሄጄ ነበር። ከልጅ ልጃችን አጠገብ ብዙም አልራቅሁም። አንድ ቀን ግን ባሏ «ሳያዩት እንዳይሄዱ» ብሎ ሳንት ኤሚሊዮን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወሰደን። ከቦርዶ በስተምሥራቅ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ግራና ቀኙ እስከ አድማስ የወይን ተክል ነው። ጊዜው መስከረም፣ የለቀማ ወቅት ነበር። ሰዎች በተርታ አጎንብሰው ዘለላውን በመቀስ እየቆረጡ በቅርጫት ይሰበስባሉ።

ያቺን ከተማ ማንም ኢትዮጵያዊ ቢያያት አትከብደውም። መሐሏ ላይ ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ላሊበላን ለሚያውቅ ሰው ባይገርምም ልብ ይነካል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚያ ዋሻ ውስጥ በምናኔ ኖረ ከሚባል ኤሚሊዮን ከሚሉት መነኩሴ ነው። አለቱ የኖራ ድንጋይ ነው። ቤቶቹ የተሠሩትም ከዚያው ከመሬት ሥር ተፈልፍሎ በወጣ ድንጋይ ሲሆን፣ የድንጋይ ማውጫው ዋሻ ዛሬ የወይን ማቆያ ሆኗል፤ ክረምት ከበጋ ቀዝቃዛ ነው። በእ.ኤ.አ. 1999 ከተማዋና የወይን እርሻዋ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ።

አስጎብኛችን ከተክሉ ሥር እፍኝ አፈር ዘግና አሳየችን። ነጭ የኖራ ድንጋይ ስብርባሪ የተቀላቀለበት ሸክላ አፈር ነው። ድንጋዩ ውኃ ይይዝና በደረቅ ጊዜ ለሥሩ ቀስ እያለ ይሰጠዋል። ሸክላው ቀዝቃዛ ስለሆነ ቶሎ የሚበስለው ሜርሎ የሚባለው የወይን ዘር ይስማማዋል። ስለዚህ የሳንት ኤሚሊዮን ቀይ ወይን በአብዛኛው ሜርሎ ነው፤ ካበርኔ ፍራን የሚባል ዘር ደግሞ ይቀላቀልበታል። ከወንዙ ማዶ፣ ሜዶክ በሚባለው አገር፣ መሬቱ ጠጠር ነው። ጠጠሩ ቀን የፀሐይ ሙቀት ይይዝና ማታ ይመልሳል፤ እዚያ ዘግይቶ የሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን ይነግሣል። አንዱ ለስለስ ያለ ወይን ይሰጣል፤ ሌላው ጠንከር ያለና ለመለስለስ ብዙ ዓመት የሚፈልግ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ግን ከማንቡክ ቻግኒ ከመሄድ ብዙም አይበልጥም።

ፈረንሳዮች ይህን ነገር «ቴሯር» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ በአንድ ቃል አላገኘሁለትም። አፈሩ፣ የመሬቱ ተዳፋት፣ ዝናቡ፣ ነፋሱ፣ እዚያ የኖረው ሰው ልማድ፣ ሁሉም ተደምሮ ለመጠጡ የሚሰጠው ጠባይ ነው። ቡርጎኝ በሚባለው ሌላ የወይን አገራቸው የጥንት መነኮሳት መሬቱን በትንንሽ እየከፈሉ የየቁራጩን ጠባይ ለይተው አጥር አጥረውለታል። በዓለም ውድ ከሚባሉት ወይኖች አንዱ የሆነው ሮማኔ ኮንቲ የሚበቅልበት መሬት ሁለት ሄክታር እንኳ አይሞላም። ከእ.ኤ.አ. 1935 ጀምሮ ደግሞ የቦታን ስም የሚጠብቅ ሕግ አላቸው። ከሌላ ቦታ የተለቀመ ወይን ላይ «ሳንት ኤሚሊዮን» ብሎ መጻፍ አይቻልም። የትኛው ዘር እንደሚተከል፣ ከአንድ ሄክታር ምን ያህል እንደሚለቀም ሁሉ ተወስኗል።

ይህን ሁሉ ጠርሙሱን ታቅፌ ነበር የማስበው። ማንቡክ ስገባ አባቴ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከስተዋል። ግን ቻግኒ እያሉ ካየኋቸው ይልቅ ቀና ብለዋል። አብሯቸው የሚኖረው የወንድሜ ልጅ፣ የ14 ዓመት ልጅ ነው፣ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ጠርሙሱን ለእሱም አልሰጠሁ።

«ምንድን ነው እንደ አራስ ልጅ የታቀፍሽው?» አሉኝ።

ነገርኋቸው። አባቴ ቀዝቅዞ መቆየት አለበት ስላቸው አልሳቁም። ጠርሙሱን ተቀብለው ጓዳ ገቡና በእንስራው ጥግ በጥላው በኩል አቆሙት፤ ጆንያ በውኃ ነክረው ከላይ ጣል አደረጉበት። «ማርም እንዲህ ነው» አሉ። «ፀሐይ ካገኘው መዓዛው ይሄዳል።» የላኪዋም ምክር ይኸው ነበር፤ ቀይ ወይን የሚቀርበው 16 እና 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ነው፣ አንድ ቀን ቆሞ ቢያድር ደግሞ አተላው ይዘቅጥለታል ብላኛለች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጓሮ ወሰዱኝ። ኅዳር የማር መቁረጫ ነው። ከሸሹ በፊት ወደ ሃያ የሚጠጉ ቀፎዎች ነበሯቸው። ሲመለሱ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። እነሱም የተረፉት በአንድ የጉሙዝ ጎረቤታችን ዛፍ ላይ ተሰቅለው ስለነበር ነው። ጎረቤቱም ሸሽቶ ጫካ ከርሟል። ቀድሞ የተመለሰው እሱ ስለነበር የአባቴን ቀፎዎች ከራሱ ጋር ሲጠብቅ ቆይቶ አስረከባቸው። የአገሩ ቀፎ ከሽመል የተሠራ ረጅም ነው፤ ተለቅልቆና በሣር ተጠቅልሎ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። አሁን አባቴ ስድስት አድርሰዋቸዋል። ሦስቱን የሠራው ልጁ ነው።

ሦስት ዕቃ ማር አቀረቡልኝ። አንዱ የኑግና የአደይ አበባ ወቅት ማር ነው፤ ቢጫ፣ ቶሎ የሚረጋ። ሁለተኛው ጠቆር ያለ፣ ከወንዙ ዳር ዛፎች ንቦቹ ያመጡት። ሦስተኛው ግራዋ ያለበት ሲሆን መጨረሻ ላይ ምላስ ላይ ምሬት ይተዋል። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ቀመሰና ሦስቱንም ለየ። ያኔ ነው የሳንት ኤሚሊዮኗ አስጎብኚ ትዝ ያለችኝ። ማዶና ማዶ እየለየች ስትነግረን እንዴት ተደንቄ ነበር! በአባቴ ጓሮ ተመሳሳይ ዕውቀት እንዳለ ግን ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው ልብ ያልሁት።

ልዩነቱ ስሙ ላይ ነው። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። የትግራይና የላስታ ነጭ ማር በስሙ ይፈለጋል። የማንቡኩ ግን ከዚህ በጄሪካን ተጭኖ ሲወጣ ከሌላው ጋር ይደባለቃል። አዲስ አበባ ሲደርስ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ስኳር ተጨምሮበት የሚሸጥም አለ። ለጠጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ደህና ጠጅ አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውኃ፣ ከዚያ ጌሾ፣ ከዚያ ትዕግሥት ነው። ስኳር ሲገባበት ማሩ የየት አገር ቢሆን ለውጥ የለውም፤ የአበባው ጣዕም ይጠፋልና።

በማግስቱ እሑድ ነበር። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ ጎረቤቱን ጠሩ። የቡሽ መንቀያ አልነበረንም፤ አባቴ በብሎንና በጉጠት ቀስ ብለው ነቀሉት። የመጠጥ ብርጭቆ ብለው የተቀመጠውን ብርሌ ሊያመጡ ሲሉ ከለከልኋቸው። ብርሌ አንገቱ ጠባብ ነው፤ ወይን ሰፋ ያለ አፍና አየር ይፈልጋል። በሻይ ብርጭቆ ጥቂት ጥቂት ቀዳሁ። አባቴ የደም ግፊት መድኃኒት ስለሚወስዱ ለመቅመስ ያህል ብቻ ነው። ቀይ ወይን ለጤና ይበጃል ብሎ ያልለመደ ሰው እንዲጀምር ሐኪሞች አይመክሩም። ለልጁ አሸተትነው እንጂ አላቀመስነውም።

መልኩ ጥልቅ ቀይ ሆኖ ዳር ዳሩ ወደ ጡብ ቀለም መሄድ ጀምሯል። ቀለሙ ከጭማቂው አይመጣም፤ የቀዩም ወይን ጭማቂ ነጭ ማለት ይቻላል። ከቆዳው ጋር አብሮ ሲፈላ ነው ቀለሙንና አፍ የሚያደርቀውን ታኒን የሚያገኘው። ቀጥሎ ከአንድ ዓመት በላይ በኦክ እንጨት በርሜል ይቀመጣል፤ የተለመደው የቦርዶ በርሜል 225 ሊትር ይይዛል። ከእንጨቱ ትንሽ የጭስና የቅመም መዓዛ ይወስዳል። አባቴ ይህን ስነግራቸው ጓዳ ያለውን ጋን አመለከቱ። ጋኑም ጠጁ ከመጣሉ በፊት በወይራ ይታጠናል።

አሸተቱት። መጀመሪያ የበሰለ እንጆሪና ፕሪም፣ ቆይቶ ዝናብ የነካው አፈር የሚመስል ነገር አለው። ቀመሱና ዝም አሉ።

«ይይዛል» አሉ በመጨረሻ፣ አፋቸውን እያላወሱ። «ጌሾው በዛ ያለ ጠጅ ይመስላል። ግን አይቧጥጥም። ዕድሜው ስንት ነው?»

ጠርሙሱ ላይ 2016 ይላል። የተለቀመበት ዓመት ነው። አባቴ በጣታቸው ቆጠሩ። «በእኛ መስከረም 2009 መሆኑ ነው።» ትንሽ ቆዩና «ያኔ እናትሽ ነበረች» አሉ።

እናቴ ያረፈችው በ2011 ነው። ወይኑ ሲለቀም በዚያ ጓሮ እሷ ነበረች ጠጅ የምትጥለው። እሷ ስታርፍ በርሜሉን ለቅቆ ጠርሙስ ገብቷል። በጥር 2013 አባቴ ሌሊት ሲወጡ ለጥምቀት የጣሉትን ጠጅ በጋኑ እንዳለ ትተውት ነው የሄዱት። ሲመለሱ ጋኑ ተሰብሮ ነበር። ወይኑ ግን በዚያው ሁሉ ጊዜ ከአንድ ዋሻ ሳይነቃነቅ ተኝቶ ነበር።

«ስድስት ዓመት የሚቆይ መጠጥ የሚጠምቅ ሰው» አሉ አባቴ፣ «ስድስት ዓመት እዚያው እኖራለሁ ብሎ ያመነ ነው።»

ጎረቤታችን ራሱን ነቀነቀ። እኔ ልናገር የመጣሁት ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ቢሆንም መናገር ነበረብኝና ማታ ላይ ነገርኋቸው። ወንድሞቼ ያሉትን ሁሉ አልሁ፤ ሆስፒታሉን፣ ደኅንነቱን፣ ብቸኝነቱን። አስጨርሰው አደመጡኝና መልስ ሳይሰጡ ስለ ወይኑ ጠየቁ።

«ያንን ተክል ነቅለው እዚህ ቢያመጡት ያው ይሆናል?»

ሙከራው በአገራችን ተደርጓል። ፒየር ካስቴል የተባሉት የቦርዶ አካባቢ ሰው ኩባንያ የወይን ችግኝ ከፈረንሳይ አምጥቶ ዝዋይ ላይ ተክሏል። ሜርሎም አለበት። የመጀመሪያው ወይን ለገበያ የቀረበው በእ.ኤ.አ. 2014 ነው። ቦርዶ ላይ ተክሉ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ዝዋይ ላይ ግን የሚያስተኛ ብርድ ስለሌለ ዕረፍቱን የሚሰጠው የገበሬው መግረዣ መቀስ ነው። ደህና ወይን ወጥቶታል። ጣዕሙ ግን የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ያበሰለው ነው፤ ቦርዶን ሊሆን አልተቻለውም። ደግሞም ያመጡት የቆየ ግንድ አይደለም፤ ቁራጭ ነው። የሃምሳ ዓመት ተክል ነቅሎ የሚያጓጉዝ የለም። ፈረንሳዮችም ቢሆኑ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የሚባል ነፍሳት ሥር ሥሩን በልቶ አገራቸውን ሊያጠፋ ሲደርስ የዳኑት ቁራጩን በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ በማዳቀል ነው።

ይህንን ስነግራቸው የቀድሞ መምህርነታቸው መጣባቸው። ፓዌን አነሱ። በ1977 ድርቅ ማግሥት ከወሎና ከሌላ ቦታ ሰው በብዛት እዚህ ጎረቤት ሰፍሯል። «አዛውንቶቹን ወባ ጨረሳቸው፣ ከወባ የተረፉትም አገራቸውን እያሰቡ ሞቱ። ልጆቻቸውን ግን አውቃቸዋለሁ፤ ዛሬ ከእኔ ይልቅ የዚህ አገር ሰዎች ናቸው። አየሽ፣ ቁራጩ ይይዛል። ግንዱን ግን ተዉት።»

ከዚያ በኋላ አልተከራከርሁም። ስልክ ደውዬ ለወንድሞቼ ስነግራቸው ግን ቀላል አልነበረም። ታናሹ «አንድ ነገር ቢሆኑስ?» አለኝ። እውነት አለው። ሥጋቱን የቦርዶ ወይን አያጠፋውም። ብዙ ተነጋግረን የተስማማነው በትንሹ ነው። ልጁ ሁልጊዜ ስልክ ይያዝ፤ አባባ በየሦስት ወሩ ለሕክምና ወደ ላይ ይውጡ፤ ነገር ከከፋ ግን ያለ ምክክር እንዲመጡ። ለቤት መሸጫ ያሰብነውን ጉልበት ደግሞ ቀፎ ላይ እናውለው አልን። እኔ በበኩሌ ማሩን ያለ ስኳር፣ ያለ ድብልቅ፣ «የማንቡክ ማር» ብዬ ስሙን ጽፌ ለወዳጆቼ ማከፋፈል ጀምሬያለሁ። እስካሁን ትንሽ ነው። የጠጡና የበሉ ሰዎች ግን «ያ የማንቡኩ» ብለው መጠየቅ ጀምረዋል።

ስመለስ ባዶውን ጠርሙስ ልጁ አጥቦ ማር ሞላበት፤ ለቦርዶዋ ልጄ እንድልክላት። አባቴ ደግሞ አዲስ ጋን አስገዝተው በወይራ ሲያጥኑ ተውኋቸው። ጠጁ እንደ ወይኑ ስድስት ዓመት አይቆይም፤ ስለዚህ እየጠጡ በየዓመቱ እንደገና ሊጥሉ ነው። የልጅ ልጄ በእግሩ ድክ ድክ ሲል እናቱ ይዛው እንድትመጣ ቃል አስገብተዋታል። መኪናው ሲነሳ በመስኮት በኩል ጎንበስ ብለው «ምን ወር እንደሚመጡ አስቀድማ ትንገረኝ» አሉኝ። «ጠጁን የምጥለው በዚያ አስልቼ ነው።»